ኔትወርክ ያልደረሰባት ስልክ

ያን ጊዜ ምን እሠራ እንደነበር ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፍ፣ የሠርግ ጥሪ አሳምር ነበር። ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ የጻፍኩትን እየቀደድኩ ነው የለመድኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ የእኔ ወንበር ላይ ብቻ እሾህ ያለ ይመስላታል። በዚያ ዓመት ግን ቁጭ የሚያሰኝ ሥራ መጣልኝ።

ሥራውን የሰጠኝ ፍስሃ ነው፤ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር የሚሠራ። ለኤአይ ኤጀንቶች የሚሆን አንድ መሣሪያ ሠርቶ ስሙን "ጎታ" አለው። ኤጀንት የሚባለውን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ጥያቄ መልሶ የሚሄደው ዓይነት አይደለም፤ ሥራ ትሰጠዋለህ፣ ለሰዓታትና ለቀናት ብቻውን ይሠራል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። መሐል ላይ ከተቋረጠ የሠራውን ሁሉ ይረሳና "ምን ልርዳዎት?" ብሎ እንደ አዲስ ይነሳል። ጎታ ኤጀንቱ የደረሰበትን እየተቀበለ ያስቀምጥለታል፤ ሲመለስ አውጥቶ ይሰጠዋል። ዋና ትእዛዞቹም ሁለት ናቸው፦ "አስቀምጥ" እና "አውጣ"።

የእኔ ድርሻ የጎታን መመሪያ መጻፍ ነበር። ፍስሃ ራሱ የጻፈውን ልኮልኝ አንብቤ ስጨርስ ስለ ጎታ ምንም አልገባኝም፤ ፍስሃ እንቅልፍ እንዳጣ ግን ገባኝ። "አንተ አጭር መጻፍ ታውቃለህ" አለኝ በስልክ። "ሰው እንዲረዳው አድርገህ ጻፈው። ግን መጀመሪያ በእውነተኛ ሥራ ሞክረው፤ ሳትሠራበት የጻፍከውን አልቀበልህም።"

እውነተኛው ሥራ በእግሩ መጣ። እማማ ዝማም ይባላሉ፤ ከሰቆጣ በታች ያለው ቆላ፣ የዝቋላ ሰው ናቸው። ማመልከቻ ሊያስጽፉ ገብተው ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ አሉ። ልጃቸው ኪሮስ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓረብ አገር ከገባ በኋላ ተይዟል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የታሰሩት ሊመለሱ ነው፣ ስም እየተመዘገበ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ነው የመጡት። አዲስ አበባ የተመላሾችን ስም ወደምትመዘግበው ሴት ደወልኩላቸው። ድምፅዋ የደከመ ነው። ስም ብቻ እንደማይበቃ ነገረችኝ፤ ልጁ ያለበት ማቆያ መታወቅ አለበት፤ ማቆያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ምዝገባው የሚዘጋው አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

እማማ ዝማም የተባለውን ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "እንግዲህ ፈልግልኛ" አሉኝ፤ ልክ ኪሮስ ከኋላ ክፍል ያለ ይመስል።

የምንፈልግበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የታሰሩት ልጆች ደብቀው ባስገቡት ስልክ ድምፃቸውን ይቀዱና ለየማቆያው በተከፈቱ የስልክ ቡድኖች ይልካሉ። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ አገራቸውን ይናገራሉ፤ አጠገባቸው ያለውንም ይጠራሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ ለብዙ ሰዓት የሚደመጥ ተከማችቷል። ኤጀንቱን ይህን ሁሉ አድምጦ ኪሮስን እንዲፈልግ አዘዝኩት፤ ሥራውን ጎታ እንዲይዝለት አደረግሁ። አማርኛውንና ትግርኛውን እየጻፈ ሄደ። የእኛ አገር ቋንቋ ኽምጣንጋ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። "ያልታወቀ ድምፅ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፣ ከዚያም ቀጥሎ፣ ያልታወቀ ድምፅ። የዝቋላ ልጅ ሲጨንቀው የሚናገረው በዚያ ቋንቋ ነው። እኔ ከተማ ስላደግሁ ጥቂት ከመስማት አላልፍም።

ለምለም የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ ፎቶ ኮፒ ልታደርግ ስትመጣ የምትቀልድብኝ። የዝቋላ ልጅ ናት። ችግሩን ስነግራት ለወትሮው የምትወረውረውን ቀልድ ተወችው። በማግሥቱ ስድስት ኽምጣንጋ ተናጋሪዎች ይዛ መጣች፤ ከእሷ ጋር ሰባት። ኤጀንቱ ያልታወቀውን ድምፅ እየቆራረጠ በየስልካቸው ይልካል፤ እነሱ ያዳምጣሉ፣ ኪሮስ ካለበት ምልክት ያደርጋሉ፣ ጎታ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ በራሱ ስም እንዲገባ ብነግራቸውም ሰባቱም በአንድ ስም ገቡ፦ ኪሮስ።

"ለምን የየራሳችሁን ስም አልጻፋችሁም?" አልኳት ለምለምን።

"የሰው እህል በደቦ አጭደን በስማችን እንከምራለን እንዴ?" አለችኝ። "ሥራው የኪሮስ ነው።"

ደስ አለኝ። እንዲያውም ግጥም የሚሆን ነገር መስሎኝ በልቤ ያዝኩት።

ረቡዕ ጠዋት ኔትወርክ ጠፋ። እኛ አገር ይህ ዜና አይደለም። ልጆቹ ቁራጮቹን አስቀድመው ስልካቸው ላይ አውርደው ስለነበር ማዳመጡን አላቋረጡም፤ ኔትወርክ ሲመለስ ምልክታቸው ወደ ጎታ ይገባል ብለን ነው። ከሰባቱ አንዱ ገብሩ፣ ማሽላ የሚወቁ አባቱን ሊያግዝ ወደ ዝቋላ ሄደ፤ ድምፁን በመንገድና በአውድማ እንደሚያዳምጥ ነግሮን። እማማ ዝማም ጠዋት ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ዘመድ ቤት ነው ያረፉት። ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ሲያልፉ ፊታቸውን ያያሉ። አንዳቸውንም ግን አይጠይቁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፍየል ሊሸጥ ከዝቋላ የመጣ አንድ ነጋዴ ለእማማ ዝማም መልእክት ይዞ ደረሰ። ከገብሩ ነው። ኪሮስን ሰምቼዋለሁ ብሏል። ቁራጩ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ኔትወርክ ሲመለስ በጎታ ታዩታላችሁ፣ እኔም ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል። ከዚህ ሌላ ነጋዴው የሚያውቀው የለም።

እማማ ዝማም የሰውየውን እጅጌ ያዙ። "ራሱን ሰማው፣ ወይስ ስለ እሱ ሰማ?"

ነጋዴው አላወቀም። ሰምቼዋለሁ ነው ያለው፣ አለ። እሳቸው እጅጌውን ለመልቀቅ ትንሽ ቆዩ።

ኔትወርኩ የተመለሰው እዚያው ቆመን ሳለ ነው። ለምለም ኮሌጁ አጠገብ ነበረች፤ የኔትወርኩን ምልክት ስልኳ ላይ እንዳየች እኔን ላለመጠበቅ ብላ፣ ሥራው ቶሎ እንዲነሳ "አውጣ" አለችው። ዝናብ ሲያስገመግም ደቦ የወጣ ሰው ነዶውን ለማንሳት ማንንም አያስፈቅድም፤ እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጎታ ግን አንድ ስም አንድ ሰው ነው ብሎ ያምናል። ኪሮስ የሚባል ባለ ሰባት ስልክ ሰው በአንዱ ስልኩ "አውጣ" አለ፤ ስለዚህ ጎታ የረቡዕ ጠዋቱን ሥራ አውጥቶ በሰባቱም ላይ ማንጠፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ምልክት ሁሉ ተሸፈነ። ልጆቹ አንድ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። ስልካቸው ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር የሁለት ቀን ድካማቸው ዓይናቸው እያየ ይጠፋል። የመጨረሻዋ የመጣችው ለምለም ናት። ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው።

ፍስሃን በስንት ሙከራ አገኘሁት። ለልቅሶ ገጠር ወጥቷል፤ ላፕቶፑ አዲስ አበባ ነው።

"ሰባት ሰው በአንድ ስም?" አለ። "ማን እንዲህ ያደርጋል?"

"እኛ እናደርጋለን" አልኩት።

 ከዚያ እየፈራ ጠየቀኝ፤ ኔትወርክ ያላገኘ ስልክ ቀርቷል? ያኔ ነው ገብሩ ትዝ ያለኝ። ኪሮስን የሰማው ገብሩ ከኔትወርክ ውጪ ነው። ምልክቱ አሁንም ስልኩ ላይ አለ። ኔትወርክ እንዳገኘ ግን ይጠፋል። ፍስሃ ከገጠር ሆኖ ጎታ የሚሠራበትን ማሽን ማቆም አይችልም። ለገብሩ ደውለን ተጠንቀቅ ልንለውም አንችልም፤ የእኛ ጥሪ ከደረሰው ጎታም ይደርሰዋል። እንደገና እናዳምጥ ብንል የትኛው ቁራጭ ለማን እንደተሰጠ አይታወቅም፤ ለጎታ ሁሉም ኪሮስ ናቸው። እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ሁሉንም አዳምጦ መጨረስ የማይታሰብ ነው።

ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ሲኬድ መንገዱ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት አንድ ጠርዝ አለ። ከቆላ የሚመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ስልኩ ይጮሃል፤ የቀናት መልእክት ባንድ ጊዜ ይገባል። መንገደኞች "ሰላምታ" ይሏታል። ገብሩ ሰላምታ ሳይደርስ መያዝ አለበት።

አርብ ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ያዝኩ። እማማ ዝማም ቀድመውኝ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቢቀሩ እንደሚሻል ልነግራቸው ስጀምር፣ "አቋራጩን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። አላውቀውም። "እንግዲያው ዝም በል።"

ባጃጁ እስከሚችለው አድርሶን ተመለሰ። ሰላምታን አልፈን በመኪናው መንገድ ወረድን። ስልኬ ላይ የኔትወርኩ ምልክት አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል፤ ድንበሩ እንደ ጥላ ነው፣ እዚህ ላይ ያልቃል አይባልም። እማማ ዝማም በትራቸውን እየተከሉ ከፊቴ ይሄዳሉ። ድንገት ቆሙ።

ገብሩ በመኪናው መንገድ አልመጣም። ከገደሉ ማዶ ባለው አቋራጭ ሽቅብ እየወጣ ነው። ልብሱን ለየሁት። ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ እጁ ላይ ስልኩ አለ። ኔትወርክ እየፈለገ ነው። ለእሳቸው የምሥራች ቶሎ ለማድረስ ቸኩሎ፣ አንድ እርምጃ ይሄድና ስልኩን ያያል፣ ደግሞ ያነሳዋል።

ጮህኩ። ስልኩን እንዲዘጋ፣ ባለበት እንዲቆም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ነፋሱ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። ገብሩ ሰው የጠራው መሰለው፤ ዞሮ አየን፣ አወቀን፣ ደስ ብሎት እጁን አውለበለበ። በጣቱ ወደ ስልኩ አመለከተና መንገዱን ፈጠን አደረገ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰላምታ ያስጠላኝ የለም።

እማማ ዝማም ገፋ አድርገውኝ የገደሉ ጠርዝ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ አንድ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና በኽምጣንጋ ተጣሩ። ጩኸት አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ መጨረሻው የሚጎተት ድምፅ ነው፤ በዚያ አገር ከሸንተረር ሸንተረር ሰው የሚጠራሩበት፣ አውሬ ከፍየል ሲገባ የሚያስጠነቅቁበት። ገብሩ እጁ እንደተዘረጋ ደረቀ። ደግመው ተጣሩ። ተንበርክኮ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ። ምን እንዳደረገ፣ በጊዜ ይሁን አይሁን፣ ከነበርንበት አይታይም።

"ምን አሉት?" አልኳቸው ቁልቁል እየሮጥን።

"ግደለው አልኩት። ዝጋው ብለው ለምን ብሎ ይጠይቃል።"

ስንደርስ ስልኩን በአንድ እጁ፣ የተነቀለውን ባትሪ በሌላው ይዞ ቆሟል፤ አርዶ ራሱን የቆረጠው ዶሮ የያዘ ይመስላል። "እማ፣ ምን አጠፋሁ?" አለ። እማማ ዝማም አቅፈው ሳሙት እንጂ አልመለሱለትም። ነገሩን እኔ ነገርኩት። የኔትወርኩ ምልክት መጥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። አንድ ጊዜ ብልጭ ያለች መሰለኝ፣ አለ። 

ወደ ገደሉ ሥር ወረድን፤ ምንም ኔትወርክ ወደማይደርስበት። ገብሩ ባትሪውን መለሰ። ስልኩ እስኪከፈት ረጅም ጊዜ ፈጀ። ባትሪው ቀይ ነው። ጎታን ከፈተ። ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበ፣ ደግሞ ሳበ።

ምልክቱ አለ።

የቁራጩን ቁጥርና የማቆያውን ስም መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ገብሩ ድምፁን ከፈተው። ወጣት ልጅ ነው የሚናገረው፤ ኪሮስ አይደለም። ከኋላው ሰው ያስላል፣ የብረት በር ይንኳኳል። በኽምጣንጋ አብረውት ያሉትን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ አገር። ስሞቹን እኔም ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገና ኪሮስን ጠራ፤ ከዚያም ያልገባኝን አከለ። እማማ ዝማም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ምን አለ?" አልኩ ለገብሩ በሹክሹክታ።

"እግሩ አብጦ ተኝቷል። መናገር ስላቃተው ጥራልኝ ብሎኛል ነው የሚለው።"

ቁራጩ አለቀ። እንድንደግምላቸው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በትራቸውን አነሱ። "ይብቃኝ። ሰዓት አለ አይደል? ውጡ" አሉን።

ሰላምታ ላይ ስንወጣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። ለአዲስ አበባዋ ሴት ደወልኩ፤ ተይዟል። ደወልኩ፤ ተይዟል። ስታነሳ ድምፅዋ እየራቀ እየቀረበ ነው። ማቆያውን ነገርኳትና ስልኩን ወደ እማማ ዝማም አፍ አስጠጋሁት። "ስም?" አለች ሴትየዋ።

"ካሳ ወልዴ" አሉ እማማ ዝማም።

የተሳሳቱ መሰለኝ። ሴትየዋ ጽፋ አገሩን ጠየቀች፤ ነገሯት። "ሙላው በላይ" አሉ ቀጥለው። ያኔ ገባኝ። በድምፁ የተጠሩትን ሁሉ፣ ልጁ በጠራበት ተራ እያስመዘገቡ ነው። ኪሮስ መጨረሻ ነው።

"እማማ፣ ኪሮስን ያስቀድሙ" አልኩ። "ኔትወርኩ ይጠፋል።"

ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው አዩኝ። "ለእነሱም እኮ ይጠፋል።"

ቀጠሉ። የእያንዳንዱን የአባት ስም ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ታስደግማለች። ድምፅዋ ይቆራረጣል። ከዚያ እማማ ዝማም ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። አንዱ ጠፍቷቸዋል። እኔ መዳፌ ላይ የጻፍኩት የቁራጩን ቁጥርና የማቆያውን ስም ብቻ ነው።

"ጨረሱ እናት?" አለች ሴትየዋ።

"አልጨረስኩም።"

ኪሮስ ይበሉና ይጨርሱ ብዬ መጮኽ አማረኝ። ለራሴ ሰው ቢሆን ያን ስም ዘልዬው እንደነበር አውቃለሁ። ገብሩ ፊቱን ወደ ግንብ እንዳዞረ ተማሪ ጀርባውን ሰጥቶን ያጉረመርማል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለራሱ እየቆጠረ ነው። "በሪሁን" አለ ዞሮ። "የአበርገሌው በሪሁን ታፈረ።"

"በሪሁን ታፈረ" አሉ እማማ ዝማም፤ አገሩንም ነገሯት። ትንፋሽ ወሰዱ። "ኪሮስ" አሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም። ሦስታችንም ስልኮቻችንን አንስተን ጠርዙ ላይ ቆምን፤ የገብሩም ስልክ ኔትወርክ ስላገኘች ምልክቱ ጠፍቶባታል፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ስድስት ሰዓት አለፈ። እማማ ዝማም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።  

ስልኬ ጮኸ። ሴትየዋ ናት፤ በራሷ ስልክ ነው የደወለችው። "እናትን አገናኘኝ" አለች። "የመጨረሻውን ኪሮስ ብለው ተቋረጠ። የአባቱን ስም አልሰማሁም።"

"ኪሮስ ሞላ" አሉ እማማ ዝማም። "እግሩን አሞታል ብለሽ ጻፊ።"

ለጥቂት ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ብቻ ተሰማ። "ጽፌዋለሁ" አለች። ሰዓቱ ማለፉን አላነሳችም። እኛም አላነሳንም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ስለ መሣሪያው ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። ፍስሃ ጎታን አስተካክሎታል፤ አሁን በአንድ ባለቤት ስም ሥር ብዙ ሠራተኛ ይገባል፣ ያልተቀመጠ ሥራም አይሸፈንም። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ገጽ "ጎታ ምንድን ነው?" ብሎ አይጀምርም። "ከማውጣትህ በፊት በዚህ ሥራ ላይ ሌላ ማን እንዳለ ጠይቅ" ይላል። ፍስሃ አጀማመሩ የመመሪያ አይደለም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ኋላ ተወው።

እኔን ግን የቀየረኝ ይህ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው መከራ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ስንኝ ነበር። ልጆቹ በአንድ ስም ሲገቡ እንኳ ግጥም አየሁ እንጂ የሚመጣውን አላየሁም። አሁንም እጽፋለሁ፤ አሁንም ወንበሬ ላይ እሾህ አለ። ብቻ አንድ ነገር ጽፌ ስጨርስ በማን ተራ ላይ እንደቆምኩ ራሴን እጠይቃለሁ። አንዳንዴ መልሱ ወረቀቱን ያስቀድደኛል። እናንተም የራሳችሁ ሰው የመጨረሻው ስም ሆኖ፣ መስመሩም ሊቋረጥ ሲል ምን እንደምታደርጉ አስቡበት። እኔ የማደርገውን አውቄዋለሁ፤ አልኮራሁበትም።

የመጀመሪያዎቹ ተመላሾች በአውቶቡስ ሰቆጣ የገቡ ዕለት ከእማማ ዝማም ጋር መናኸሪያ ቆመን ነበር። ኪሮስ አልወረደም። አንድ የከሳ ልጅ ግን ከመካከላቸው ወጥቶ ሰው እየጠየቀ መጣና ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። በሪሁን ነው፤ የአበርገሌው። ማን ስሙን እንዳስመዘገበ ነግረውታል። እማማ ዝማም ቀና አድርገው ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ሳሙት። ከዚያ ስለ ኪሮስ ጠየቁት።

"እግሩስ?" አሉት።

"በእግሩ ቆሟል እማ" አለ በሪሁን። "ስንለያይ እስከ ማቆያው በር ድረስ ሸኝቶኛል።"